የእኅትማማች ቃል ኪዳንና የካህኑ መንግሥት

ታሪክ ጸሐፊ የጦርነትን ዘመን ሲጽፍ ነገሥታቱንና የጦር አለቆቹን በስማቸው ይጠራል፤ የሞተውን ሕዝብ ግን በቍጥር ያልፈዋል። ይህንንም የሚያደርገው ጨካኝ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሁሉን በየስሙ እየጠራ ለመጻፍ ብራናውም ዕድሜውም ስለማይበቃው ነው። ልብ ወለድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግን ከዚያ ከብዙው ቍጥር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ነፍስ መርጦ ያወጣና፥ ስም ሰጥቶ፥ ቤት ሰጥቶ፥ እናትና አባት ሰጥቶ በፊታችን ያቆማቸዋል። ስለዚህ የፊተኛውን ስናነብ እናውቃለን፤ የኋለኛውን ስናነብ እናለቅሳለን። ማወቅ ያለ ኀዘን፥ ኀዘንም ያለ ማወቅ፥ እያንዳንዱ ለብቻው ጎደሎ ነውና፥ ዛሬ አንድ መጽሐፍና አንድ እውነተኛ ታሪክ አጠገብ ለአጠገብ አድርገን እንመለከታለን።

መጽሐፉ «ሦስቱ እኅቶች» የሚባለው ነው። የጻፈችው በኒው ዚላንድ ተወልዳ በአውስትራልያ የምትኖረው ሄዘር ሞሪስ ናት፤ የታተመውም እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2021 ዓመት ነው። ነገሩ የተፈጸመው በኤውሮጳ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን በእነርሱ አቈጣጠር እንጠራለን፤ በሚያስፈልግበት ስፍራ ግን የእኛን ከጎኑ እናኖራለን።

የመጽሐፉ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በስሎቫክያ አገር፥ ቭራኖቭ በምትባል ከተማ፥ ከአይሁድ ወገን የሆኑ ሦስት እኅትማማች ነበሩ። ገና ሕፃናት ሳሉ አባታቸው ሰብስቦ ምንም ቢመጣ እንዳይለያዩ፥ አንዲቱም ለሌላዪቱ ጋሻ እንድትሆናት ቃል አስገባቸው። ዘመን አልፎ በ1942 ዓመት ክፉው ቀን በመጣ ጊዜ፥ ታናሺቱ 15 ዓመቷ ነበር፤ ለሥራ ትሄጂያለሽ ተብላ ተጠራች። ታላቂቱ፥ የ19 ዓመት ልጅ፥ ስለ አባቷ ቃል ታናሺቱን ተከትላ ሄደች። የ17 ዓመቷ መካከለኛ እኅት ተሸሽጋ ቀረች፤ በኋላ ግን እርስዋም ተይዛ ሁለቱ ወዳሉበት ወደ አውሽቪትዝ ተወሰደች። በዚያም ሦስቱ ተገናኝተው ሁለተኛ ቃል ተጋቡ፤ የመጀመሪያው ቃል እንዳይለያዩ ነበረ፤ ሁለተኛው ግን እንዲኖሩ ነው። ከዚያም በበረዶ ላይ የተደረገውን የሞት ጉዞ አልፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በመጨረሻም ወደ እስራኤል ሄደው ኑሮን እንደ ገና ጀመሩ። ታሪኩ ከሕልም የተፈጠረ አይደለም፤ መሠረቱ በእውነት ከሞት የተረፉ እኅትማማች ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። ቅኔ የተማረ ሰው ሰሙን ከወርቁ መለየት ያውቃል፤ ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ የሚቀበል ግን ይታለላል። ልብ ወለድም እንዲሁ ነው። የዚህችው ጸሐፊ የመጀመሪያ መጽሐፍ በአውሽቪትዝ እስረኞችን ይነቅስ ስለ ነበረ ሰው የሚናገረው፥ በ2018 ዓመት ታትሞ በብዙ አገር በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ አነበበው። በዚያው ዓመት ግን የአውሽቪትዝን መታሰቢያ የሚጠብቀው ሙዚየም ተመራማሪ መጽሐፉን ከመዝገቡ ጋር አስተያይታ ብዙ ስሕተት አገኘችበት፤ እንደ ታሪክ ማስረጃም ሊቈጠር እንደማይገባው አስታወቀች። ነቀፋው ተገቢ ነበር። ግፉ አልተደረገም የሚሉ ክፉ ሰዎች በዓለም ላይ ስላሉ፥ በእንደዚህ ያለ ነገር ትንሹም ስሕተት ለሐሰተኞች መሣሪያ ይሆናቸዋል። ስለዚህ «ሦስቱ እኅቶች»ንም ያነበበ ሰው ከንፈሩን መጥጦ ከመተኛቱ በፊት፥ «እነዚህን ልጃገረዶች ከእናታቸው ቤት ያወጣቸው ማን ነው? በምን ሕግ? በማን ፊርማ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። የዚህም ጥያቄ መልስ ለካህናት ከሁሉ ይልቅ የከበደ ነው።

ስሎቫክያ ከቼኮስሎቫክያ ተለይታ ለብቻዋ መንግሥት የተባለችው በሂትለር ግፊት መጋቢት 14 ቀን 1939 ዓመት፥ በእኛ መጋቢት 5 ቀን 1931 ዓመተ ምሕረት ነው። አገሪቱን ይመራ የነበረው ማኅበር በአንድ ካህን፥ በአንድሬይ ህሊንካ ስም የሚጠራ ነበር። እርሱ በ1938 ዓመት በሞተ ጊዜ የማኅበሩን አለቅነት፥ በኋላም የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን የያዘው ዮሴፍ ቲሶ ደግሞ የሮማ ካቶሊክ ቄስ ነበረ። ይህ ሰው ፕሬዚዳንት ሆኖም ክህነቱን አልተወም፤ ባኖቭጼ በምትባል ከተማ የደብር ቄስ እንደ ሆነ ቀረ፤ በሳምንቱ መካከል በሕግ ላይ ይፈርም፥ በሰንበትም በመሠዊያ ፊት ይቆም ነበር። ግፍን የሠሩ ነገሥታት በዓለም ብዙ ናቸው፤ ይህን ታሪክ ግን ልዩ የሚያደርገው የፈረመው እጅና የባረከው እጅ አንድ መሆኑ ነው።

ግፉ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1940 ዓመት ቈጠራ መሠረት በስሎቫክያ 89,000 ያህል አይሁድ ይኖሩ ነበር። መንግሥቱ አስቀድሞ ንግዳቸውን ወሰደ። እስከ 1941 ዓመት መጨረሻ ወደ 10,000 የሚሆን የአይሁድ ሱቅና የንግድ ቤት ተዘጋ፤ ሁለት ሺህ ከሦስት መቶ ያህሉም አይሁድ ላልሆኑ ሰዎች ተሰጠ። መስከረም 9 ቀን 1941 ዓመት፥ በእኛ ጳጉሜን 4 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት፥ ብዙ አንቀጽ ያለው የአይሁድ ሕግ ታወጀ፤ አይሁዳዊ የሚባለውም በሃይማኖቱ ሳይሆን በትውልዱ እንዲለይ ተደረገ። እንግዲህ መደብሩን የተነጠቀ ነጋዴ፥ ሥራውን የተከለከለ ሐኪም፥ ደመወዙን ያጣ ጸሐፊ ሁሉ ድኻ ሆነ። መንግሥቱም ራሱ ድኻ ያደረጋቸውን ሰዎች «በአገር ላይ ሸክም ሆኑብን» ማለት ጀመረ። ይህ አካሄድ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ሰውን አስቀድሞ መዝረፍ፥ ቀጥሎም ስለ ድኽነቱ መክሰስ፥ በመጨረሻም ስለ ክሱ ማስወጣት።

በ1942 ዓመት መጀመሪያ ጀርመኖች ለጉልበት ሥራ 20,000 ወጣቶች ፈለጉ። የስሎቫክያ መንግሥትም ደስ ብሎት ተስማማ፤ ይልቁንም ወላጆችና ሕፃናት ወደ ኋላ ቀርተው መጦሪያ እንዳይጠይቁት ብሎ ቤተ ሰቡ በሙሉ እንዲወሰድለት ፈለገ። ለሚወሰደውም ሰው ሁሉ በነፍስ ወከፍ 500 የጀርመን ማርክ ለመክፈል ተዋዋለ፤ ጀርመኖችም በበኩላቸው የተወሰዱትን እንዳይመልሱ፥ በቀረው ንብረታቸውም ላይ እጃቸውን እንዳያስገቡ ቃል ገቡለት። ዮሴፍን ወንድሞቹ በሸጡት ጊዜ ገንዘብ ተቀብለው ነበር፤ እነዚህ ግን ወንድሞቻቸውን አሳልፈው ሲሰጡ ገንዘብ ከፈሉ። ከቀረላቸው ቤትና መሬት ጋር ሲመዛዘን ትርፍ መስሎ ታይቷቸው ነበርና።

ከሁሉ አስቀድሞ የተጠሩት ወንዶች አይደሉም፤ ልጃገረዶች ናቸው። በመጋቢት ወር በምሥራቅ ስሎቫክያ ከተሞች፥ በፕሬሾቭ፥ በባርዴዮቭ፥ በሁመኔና በየአካባቢው፥ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ያላገቡ አይሁዳውያት ሁሉ እንዲመዘገቡ ዐዋጅ ተነገረ፤ ከዚያ በታች ያሉም በኋላ አልታለፉም። «ለጥቂት ወር ሥራ ሠርታችሁ ትመለሳላችሁ» ተባሉ። እናቶችም የልጆቻቸውን ልብስ አጥበው፥ ስንቅ ቋጥረው፥ ጠንካራ ጫማ አልብሰው ሰደዱ። የህሊንካ ዘብ የሚባሉት ጭፍሮች ሰብስበው ፖፕራድ በምትባል ከተማ ባለ የወታደር ሰፈር አጐሯቸው። ከዚያም መጋቢት 25 ቀን 1942 ዓመት፥ በእኛ መጋቢት 16 ቀን 1934 ዓመተ ምሕረት፥ በምሽት በከብት ፉርጎ ተጭነው ወጡ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ድምር 999 ነው፤ በኋላ ዝርዝሩን የመረመሩ ሰዎች ግን ስሞቹን አንድ በአንድ ቈጥረው 997 ሆነው አገኟቸው። ከዝርዝሩ ውስጥ ስሟ ከስሟ ቀጥሎ የተጻፈች፥ የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ እኅትማማች ብዙ ነበሩ።

ማግስቱን አውሽቪትዝ ደረሱ። በበርሊን የአይሁድን ጉዳይ እንዲመራ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት በይፋ መዝግቦ ወደዚያ የላከው የመጀመሪያው የአይሁድ ባቡር ይህ ነበር። ሚሊዮን የሚያልፍ ሕዝብ ያለቀበት ያ ስፍራ፥ በዚህ ሥርዐት አይሁድን መቀበል የጀመረው በእነዚህ ልጃገረዶች መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በዚያው ቀን ራቨንስብሩክ ከሚባለው የሴቶች ወህኒ 999 ጀርመናውያት እስረኞች ጠባቂና አለቃ እንዲሆኑባቸው መጡ። ለእነዚያ ከ1 እስከ 999 ያለው ቍጥር ተሰጠ፤ ለስሎቫክያ ልጆች ደግሞ ከ1000 ጀምሮ ያለው ደረሳቸው። ጠጕራቸው ተላጨ፤ እናታቸው ያጠበችላቸው ልብስ ተገፈፈ፤ በምትኩም በዚያው ስፍራ የሞቱ የሩስያ ምርኮኞች ወታደሮች ለብሰውት የነበረ፥ ደም የደረቀበት ልብስ ተሰጣቸው። በነሐሴ ወር ወደ ቢርክናው ተዛወሩ፤ በዚያም የታይፈስ በሽታ፥ ረኃብ፥ የሰዓታት ቁመትና ለሞት መመረጥ ብዙውን ፈጀ።

እኅትነት ምን እንደ ሆነ የሚታየው በዚህ ስፍራ ነው። ከዚህ የመጀመሪያ ባቡር ተሳፋሪዎች አንዷ የነበረችው፥ ትውልዷ ፖላንድ የሆነ ሬና ኮርንራይክ፥ በ1995 ዓመት የራሷን ታሪክ በመጽሐፍ ገልጣለች። እርስዋ ቍጥሯ 1716 ነበረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ታናሽ እኅቷ በሌላ ባቡር ደረሰች። ሬናም ታናሺቱን ወደ ቤታቸው ልትመልሳት ለራሷ ቃል ገባች፤ ያ ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ አቆማት፤ ሁለቱም ከሞት ተርፈው በ1945 ዓመት ነጻ ወጡ። ይህ ልብ ወለድ አይደለም፤ ከልብ ወለዱ ጋር ግን እንደ መንታ ይመሳሰላል። ከዚያ ስፍራ የተረፉ የብዙ ሴቶች ምስክርነትም በዚህ ይስማማል። አንዲቱ እንጀራዋን ከፍላ ለሌላዪቱ ታስቀምጣለች፤ አንዲቱ በቍጥር ሰዓት እንዳትወድቅ ሌላዪቱ በትከሻዋ ትደግፋታለች፤ ሰው ለሞት ሲመረጥ የገረጣች መስላ እንዳትታይ የእኅቷን ጕንጭ ታሻለች። እኅት የሌላትም ባልንጀራዋን እኅት ታደርጋለች።

ነገር ግን ልብ ወለድን ያነበበ ሰው በቶሎ የሚወድቅበት ስሕተት አለ፤ ይኸውም «ስለ ተዋደዱ ተረፉ» ብሎ መደምደም ነው። ይህ ለሙታን ስድብ ነው። ከ1942 ዓመት መጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ በ57 ባቡር ወደ 58,000 የሚጠጋ ሰው ከስሎቫክያ ተወሰደ፤ ከዚህም የተመለሰው ከሺህ አይበልጥም። የቀሩት አልተዋደዱምን? እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ መርዙ ቤት የገቡ እኅትማማች ቃላቸውን አላፈረሱም፤ እንዲያውም እስከ ፍጻሜው ጠብቀውታል። በሕይወት መትረፍ በዚያ ስፍራ የብዙ ነገር ክምችት ነበረ፤ ከጣራ በታች ሥራ ማግኘት፥ እንደ ገና እስረኞቹ «ካናዳ» ብለው ይጠሩት በነበረው ቤት የሟቾችን ልብስ ለመለየት መመደብ፥ በሽታ በያዘ ቀን አለመመረጥ፥ ከሁሉም ይልቅ ሰው የማያዝዘው አጋጣሚ። ፍቅር ሞትን አልከለከለም። ፍቅር የከለከለው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው ገና በሕይወቱ ሳለ ሰውነቱን አጥቶ ቍጥር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ክንዷ ላይ ቍጥር የተጻፈባትን ልጅ በእናቷ ቤት ስም የምትጠራት አንዲት ሴት እስካለች ድረስ፥ ያ ቍጥር አላሸነፈም።

አሁን ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። ልጃገረዶቹ ቃላቸውን ሲጠብቁ፥ የእረኝነት ቃል የገቡት ምን አደረጉ?

ያላወቁ ነበሩ ማለት አይቻልም። በብራቲስላቫ የሮማ መልእክተኛ የነበረው ጁሴፔ ቡርዚዮ፥ ባቡሩ ከመነሣቱ ከሁለት ሳምንት በፊት፥ እነዚህን ሰዎች በጀርመን እጅ አሳልፎ መስጠት ለብዙዎቹ የሞት ፍርድ እንደ ሆነ ለአለቆቹ ጽፏል። ቫቲካንም ለስሎቫክያ መንግሥት ተቃውሞውን ገልጧል። መንግሥቱ ግን አልተመለሰም። ግንቦት 15 ቀን 1942 ዓመት፥ በእኛ ግንቦት 7 ቀን 1934 ዓመተ ምሕረት፥ ካህናትም በአባልነት የተቀመጡበት የአገሪቱ ምክር ቤት የተጀመረውን ማፈናቀል ሕጋዊ የሚያደርግ ሕግ አጸደቀ። ከተሰበሰቡት መካከል ድምፁን የነፈገው የሃንጋሪ ወገን የሆነው ያኖሽ ኤስተርሃዚ ብቻ ነበረ። በዚሁ ዓመት በነሐሴ ወር ፕሬዚዳንቱ ሆሊች በምትባል ከተማ ለሕዝብ ሲናገር፥ የሚደረገው ነገር ክርስቲያናዊ ነውን ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጠ፤ ራስን መውደድ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ስለ ሆነ ሕዝቡ ራሱን ከጠላቱ ቢያላቅቅ ኀጢአት የለበትም ብሎ አስተማረ። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለውን ትእዛዝ ከመካከሉ ቈርጦ፥ «ባልንጀራህን» የሚለውን ጥሎ «ራስህን» የሚለውን ብቻ አስቀረ። የቅዱሳት መጻሕፍትን ንባብ ያወቀ፥ ትርጓሜውንም የተማረ ሰው እንዴት እንደሚያጣምመው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

ጳጳሳቱስ? በ1942 ዓመት በሚያዝያ ወር፥ ካቶሊክ ጋዜጣ በሚባለው የቤተ ክርስቲያን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ አንድ ቃል አውጥተው ነበር። አይሁድም ሰዎች ስለ ሆኑ በሰብአዊነት ሊያዙ ይገባል አሉ፤ በዚያው ጽሑፍ ግን የጌታን ስቅለት እያነሡ ወገኑን ሁሉ ወቀሱ። እንግዲህ የተራበውን ሰው አብሉት እያሉ ጥፋተኛ ነው ማለት፥ ጭካኔውን በአንድ እጅ እየከለከሉ በሌላው ማመልከት ነው። የጠራ ተቃውሞ የጻፉት በመጋቢት 1943 ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ ግን አብዛኛው ሕዝብ ሄዷል። መልእክቱ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ሲታዘዝ እንኳ ሳያነቡ የቀሩ፥ ያነበቡም ሲሆኑ የራሳቸውን ቃል የጨመሩበት ካህናት ተገኙ። ይህንም የምናነሣው በሌላ ሃይማኖት ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። ሳምንታዊ ጋዜጣ የምናነብ፥ በሳምንታዊ ጋዜጣም የምንጽፍ ሁሉ፥ በክፉ ቀን የተጻፈ ግማሽ እውነት ምን ያህል ነፍስ እንደሚያስከፍል እንድናስብ ነው።

እውነትን ለመናገር ሌላም እረኛ ነበረ። ብዙዎቹ ልጃገረዶች በተወሰዱበት በፕሬሾቭ፥ የምሥራቁን ሥርዐተ ቅዳሴ የሚከተሉት የግሪክ ካቶሊካውያን ጳጳስ የነበረው ፓቬል ጎይዲች፥ ገና በ1939 ዓመት መጀመሪያ የወገንተኝነትን ክፋት ለካህናቱ ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር፤ ስደቱ በመጣ ጊዜም አይሁድን በመርዳትና በማትረፍ ተጋ። በዚህም ምክንያት ተነቀፈ፥ ተሰለለ። ከጦርነቱ በኋላ የኮሚዩኒስት መንግሥት አሰረው፤ በ1960 ዓመት በወህኒ ሞተ። በ2007 ዓመት የእስራኤል የመታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም ከአሕዛብ ወገን ጻድቅ ከሚላቸው ጋር ቈጠረው። ቲሶና ጎይዲች በአንድ አገር፥ በአንድ ዘመን፥ በአንድ ወንጌል ፊት የቆሙ ናቸው። «ዘመኑ አስገደደን» የሚለውን ምክንያት የዚህ ጳጳስ ሕይወት ያፈርሰዋል።

የልብ ወለዱ መካከለኛ እኅት ለምን ዘግይታ እንደ ተያዘች አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል፤ ይህም ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። በ1942 ዓመት መጨረሻ ባቡሩ ቆሞ ነበር። ነሐሴ 29 ቀን 1944 ዓመት፥ በእኛ ነሐሴ 23 ቀን 1936 ዓመተ ምሕረት፥ በስሎቫክያ በጀርመንና በቲሶ መንግሥት ላይ ዐመፅ ሲነሣ የጀርመን ጦር አገሪቱን ያዘ፤ ተሸሽገውና ተፈቅዶላቸው የቀሩት ሁሉ ታደኑ፤ ከ12,000 በላይ ሰውም በሁለተኛው ዙር ተወሰደ። ይህ ከተደረገ ጥቂት ወር በኋላ የሩስያ ጦር ሲቀርብ፥ ጀርመኖች በአውሽቪትዝ ካሉት እስረኞች ወደ 56,000 የሚሆኑትን በጥር ብርድ በእግር ነዱአቸው። ይህ ጉዞ ከጥር 17 እስከ 21 ቀን 1945 ዓመት የተጀመረ ሲሆን፥ በእኛ ከጥር 9 እስከ 13 ቀን 1937 ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው። እኛ የከተራንና የጥምቀትን በዓል ስናከብር፥ እነዚያ ሴቶች የወደቀው ሁሉ በጥይት በሚገደልበት በበረዶ መንገድ ላይ ነበሩ። እኅትማማቹ እርስ በርስ ክንድ ለክንድ ተቈላልፈው የሄዱበት መንገድ ይህ ነው። የሩስያ ወታደሮች ወደ አውሽቪትዝ የገቡት ጥር 27 ቀን፥ በእኛ ጥር 19 ቀን ነው።

የተመለሱትስ ምን ገጠማቸው? ብዙ ጊዜ ቤታቸው ሌላ ሰው ይዞት፥ የእናታቸውን ሣህን ሌላ ሰው ሲበላበት አገኙት። በመስከረም ወር 1945 ዓመት ቶፖልቻኒ በምትባል ከተማ፥ ሰላም ከሆነ በኋላ ማለት ነው፥ ሕዝብ ተነሥቶ የተረፉትን ጥቂት አይሁድ ደበደበ፥ አቈሰለ። ስለዚህ ከዚያ የተረፉ ብዙዎች በ1948 ዓመት የተመሠረተውን የእስራኤልን መንግሥት ተስፋ አድርገው ሄዱ። ቲሶ ግን በባቫርያ ተሸሽጎ ሳለ ተይዞ በብራቲስላቫ ተፈረደበት፤ ሚያዝያ 18 ቀን 1947 ዓመት፥ በእኛ ሚያዝያ 10 ቀን 1939 ዓመተ ምሕረት፥ ተሰቅሎ ሞተ። የስሎቫክያ መንግሥት የአይሁድ ሕግ የታወጀበት 80ኛ ዓመት ሲታሰብ፥ በ2021 ዓመት፥ ስለዚያ ሕግ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። «ሦስቱ እኅቶች» የታተመውም በዚያው ዓመት ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ምን እንማራለን? በመጽሐፉ ውስጥ አንድ አባት ለልጆቹ ያስገባው ቃል አለ። ያ ቃል በወረቀት አልተጻፈም፤ ማኅተም አልተደረገበትም፤ ጠበቃም ምስክርም አልነበረው። ልጆቹ ግን በዓለም ከሁሉ በከፋው ስፍራ ጠበቁት። ከመጽሐፉ ውጭ በታሪክ ውስጥ ሌላ ቃል አለ። ያ ቃል በጳጳስ እጅ፥ በሕዝብ ፊት፥ በመሠዊያ ዳር የተሰጠ የክህነት ቃል ነው፤ መንጋን ስለ መጠበቅ የተሰጠ። ያ ቃል በአንድ ክረምት ብዕርና በአምስት መቶ ማርክ ፈረሰ። ልብ ወለዱን ብቻ ያነበበ ሰው የመጀመሪያውን ቃል አይቶ ይጽናናል። ታሪኩን ብቻ ያነበበ ሰው የሁለተኛውን ቃል መፍረስ አይቶ ይዘገንነዋል። ሁለቱን በአንድነት ያነበበ ሰው ግን ራሱን ይመረምራል፤ ሥልጣን የተጨመረበት ቃል ሥልጣን ከሌለው ቃል ይበልጥ እንደሚታመን ማን ነገረን?

ስለዚህ ጉዳይ የሚያነብ ካህንም ሆነ ሕዝባዊ አንድ ነገር ቢይዝ ይበቃዋል። ግፍ ወደ ከተማ የሚገባው መጀመሪያ በሰይፍ አይደለም፤ የሰዎችን ስም አሰልፎ በሚጽፍ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩም በጠላት እጅ ብቻ አይጻፍም፤ የከተማው ጸሐፊ ይጽፈዋል፥ ጎረቤት ያመለክትበታል፥ ሊቅም ያብራራለታል። በዚያ ቀን «ይህች እኅቴ ናት» ብሎ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዲቷን ስም ለማውጣት የሚዘረጋ እጅ ቢኖር፥ በፖፕራድ ጣቢያ የተዘጋው የፉርጎ በር በአንዲት ልጅ ላይ እንኳ ባልተዘጋ ነበር።